ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፦ በማዕረግ ከራስ በታች፣ በሥልጣን ከራሶች እኩል

ከእምድብር ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ መንገደኛ ወልቂጤን አልፎ ወሊሶ ሲደርስ የጨቦን አገር ይረግጣል። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ይህ አካባቢ ከጉራጌ ጋር ተጠቃልሎ ጨቦና ጉራጌ አውራጃ ይባል ነበር። ከ1900 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል የኢትዮጵያን ጦር የመሩት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ የተገኙት ከዚሁ ከጨቦ ነው።

ሀብተ ጊዮርጊስ የንጉሥ ልጅ ወይም የመሳፍንት ዘር አልነበሩም። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ወደ ደቡብ ባዘመቱት ጦር ገና በለጋ ዕድሜያቸው ተማርከው ወደ ቤተ መንግሥት የገቡ ሰው ናቸው። በዚያም ክርስትና ተነሡ፤ ሥርዓቱንም በአገልግሎት ተማሩ። ከምርኮኛነት ተነሥተው እስከ ዙፋኑ ምሰሶነት የደረሱት በጦር ሜዳ ባሳዩት ጀግንነትና በምክር አዋቂነታቸው ነበር። አባ መላ የሚለው መጠሪያቸውም ይህንኑ ብልሃታቸውን ያመለክታል።

በዘመኑ ማዕረግ ከጌጥነት ያለፈ ትርጉም ነበረው። ደጃዝማች የደጅ አዝማች፣ ቀኛዝማች የቀኝ፣ ግራዝማች የግራ ጦር መሪ ሲሆኑ፣ ፊታውራሪ ከፊት ቀድሞ የሚገጥመው ጦር አለቃ ነበር። በደረጃ ሲታይ ፊታውራሪ ከደጃዝማችና ከራስ በታች ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ንጉሡና ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ።

በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት ታዋቂው ፊታውራሪ ገበየሁ ወደቁ። ከድሉ በኋላ የፊታውራሪነቱ ሹመት ለሀብተ ጊዮርጊስ ተሰጠ። እርሳቸውም ጦር እየመሩ እስከ ቦረና ድረስ ዘምተዋል። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሲሾሙ የጦር ሚኒስትርነቱን የሰጡት ለእርሳቸው ነበር። ሥልጣናቸው በዚህ መጠን ቢሰፋም መጠሪያቸው አልተለወጠም፤ እስከ ዕለተ ሞታቸው ፊታውራሪ ተብለው ኖሩ።

በአውሮፓ ነገሥታት ቤት የልዑልነት ማዕረግ ከልደት ጋር የሚመጣ ነው። በእንግሊዝ አልጋ ወራሹ የዌልስ ልዑል ይባላል፤ ሌሎቹም የንጉሡ ልጆች በየአገሩ ስም የመስፍንነት ማዕረግ ይቀበላሉ። በኢትዮጵያም ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጃቸውን ልዑል መኮንንን መስፍነ ሐረር አሰኝተዋል። ይሁን እንጂ ከዚህ የደም ማዕረግ ጎን የዘመቻና የአገልግሎት ማዕረግ ነበረ። በእርሱ መንገድ ከተራ ቤተሰብ የተወለደ ሰውም ከፍ ሊል ይችል ነበር። የሁለቱ መንገዶች ልዩነት ጎልቶ የታየው በ1909 ዓ.ም. ነው።

ምኒልክ ሲያርፉ በትረ መንግሥቱን የያዙት የልጅ ልጃቸው ኢያሱ አልተቀቡም ነበርና በታሪክ የሚታወቁት ልጅ ኢያሱ በሚለው መጠሪያ ነው። በ1906 ዓ.ም. አባታቸውን ራስ ሚካኤልን ንጉሥ አሰኟቸው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል በዓል ዕለት መኳንንቱና ጳጳሱ ተስማምተው ልጅ ኢያሱን ከሥልጣን አወረዱ። ንጉሥ ሚካኤል የልጃቸውን መብት ለማስመለስ ከወሎ ብዙ ሠራዊት ይዘው ወደ ሸዋ ገሠገሡ።

የሸዋን ጦር ካዘመቱት ዋነኞቹ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ነበሩ። የሸዋ ሠራዊት ተሟልቶ እስኪሰበሰብ ድረስ በመልእክት እያዘናጉ ንጉሡን እንዳዘገዩአቸው ይነገራል። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በሰገሌ በተደረገው ውጊያ የወሎ ጦር ተሸነፈ፤ ንጉሥ ሚካኤልም ተማረኩ። በልጅነታቸው የተማረኩት ሰው በስተርጅና ንጉሥ ከማረከው ጦር መሪዎች አንዱ ሆኑ።

ከዚያ በኋላ ዘውዲቱ ንግሥተ ነገሥታት፣ ራስ ተፈሪ መኮንን አልጋ ወራሽ ሆኑ። ፊታውራሪው ደግሞ ጦሩን እንደያዙ ሦስተኛው ኃይል ሆነው ቀጠሉ። በ1910 ዓ.ም. መሐል ሠፋሪ የተባለው የመንግሥት ጦር አድሞ ሚኒስትሮቹ ሲሻሩ በሹመታቸው የቀሩት እርሳቸው ነበሩ። ነባሩን ሥርዓት የሚወዱ ስለ ነበሩ የአልጋ ወራሹ የአዲስ ሥልጣኔ እርምጃ እንዳይፈጥን ሚዛን ሆነው ኖረዋል። በዳኝነታቸውም ስመ ጥር ናቸው፤ የፈረዷቸው ፍርዶች በየአገሩ እስከ ዛሬ ይተረካሉ።

ነገር ግን የማዕረጉ ዋጋ የሚከፈለው በቤተ መንግሥት ብቻ አልነበረም። የጦር አለቃ ኃይሉ የሚለካው በሚያሳድረው ወታደር ብዛት ነው። ወታደሩም የሚያድረው በደመወዝ ሳይሆን በማደሪያ መሬትና በገባር ጉልበት ነበር። የጨቦና የጉራጌ ገበሬ ከእንሰቱና ከእህሉ ላይ ሲገብር፣ ለባለ መሬቱ ሲያርስና አጥር ሲያጥር፣ የፊታውራሪነትም ሆነ የራስነት ክብር ያረፈው በእርሱ ትከሻ ላይ ነበር። ከዚሁ አካባቢ ወጥተው ለከፍተኛ ሹመት የበቁት ሰው የመሩት ጦርም የኖረው በዚሁ ሥርዓት ነው።

ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ በታኅሣሥ ወር 1919 ዓ.ም. አረፉ። ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስም በዚያው ሰሞን ነበር ያረፉት። ራስ ተፈሪ የሟቹን ጦርና ሰፊ ርስት ወዲያው በእጃቸው አስገቡ፤ የጦር ሚዛኑም ወደ እርሳቸው አጋደለ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ መስከረም 27 ቀን 1921 ዓ.ም. ንጉሥ ተባሉ፤ በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ዘውድ ጫኑ። ንጉሥ ለመባል መንገዱን የጠረገላቸው የዚህ ፊታውራሪ ሞት ነበር ማለት ይቻላል።

ደርግ በመጋቢት ወር 1967 ዓ.ም. የዘውዱን ሥርዓት ሲያስወግድ የመሳፍንቱንና የመኳንንቱን ማዕረግም አብሮ ሻረ። ዛሬ ፊታውራሪና ግራዝማች የሚሉት ቃላት የሚሰሙት አባቶችና አያቶች ሲወሱ ነው። በአዲስ አበባ ራስ መኮንን ድልድይ የባለቤቱን ማዕረግ እንደያዘ ይጠራል። በመርካቶና በፒያሳ መካከል ያለውን ሌላውን ድልድይ ግን ሕዝቡ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ብቻ ይለዋል። ለንግድ ወደ መርካቶ የሚወርደው የእምድብር ሰው በዚያ ሲያልፍ የሚጠራው የጎረቤት አገር ልጅ የሆኑትን የእኒህን ሰው ስም ነው።