ጋሊሌዮ ጋሊሌይና የሚሮጠው ካሚዮን

አንድ ካሚዮን ከኋላው መወጣጫ ሳንቃ እስከ መሬት ዘርግቶ በሰዓት 80 ኪሎሜትር ይሮጣል እንበል። አንድ አውቶሞቢል ደግሞ በሰዓት 90 ኪሎሜትር ተከትሎ ደርሶበት በሳንቃው ላይ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ምን ይሆናል? ብዙ ሰው፣ አውቶሞቢሉ በ90 ኪሎሜትር ፍጥነቱ ወደ ውስጥ ተወርውሮ የካሚዮኑን የፊት ግድግዳ ይደረምሳል ብሎ ይፈራል። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የእንቆቅልሹን መፍቻ ያስተማረውም አውቶሞቢል ከመፈልሰፉ ከ240 ዓመት በላይ አስቀድሞ የሞተው ጋሊሌዮ ጋሊሌይ ነው።

ይህ ሊቅ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በፌብሩዋሪ 15 ቀን 1564 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በፒሣ ከተማ ተወለደ። አባቱ ቪንቼንዞ የሙዚቃ ሊቅ ነበር። ወጣቱ በ1581 ሕክምና ሊማር ወደ ፒሣ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ነገር ግን ልቡ ወደ ሒሳብ ስላዘነበለ በ1585 ያለ ዲፕሎማ ወጣ። ይሁን እንጂ ዕውቀቱ ታውቆለት በ1589 በዚያው በፒሣ የሒሳብ መምህር ሆነ፤ ከ1592 እስከ 1610 ደግሞ በፓዱዋ አስተማረ። በ1609 የሩቅ ማሳያ መነጽር አሻሽሎ ሠርቶ ወደ ሰማይ አነጣጠረ፤ በ1610 መጀመሪያም በጁፒተር ዙሪያ የሚዞሩ አራት ጨረቃዎችን አየ።

ከዚህ በኋላ መሬት በፀሐይ ዙሪያ ትዞራለች የሚለውን የኮፐርኒከስን ትምህርት ደገፈ። ተቃዋሚዎቹም፣ መሬት የምትሮጥ ብትሆን ወደ ላይ የተወረወረ ድንጋይ ወደ ኋላ ቀርቶ በወደቀ ነበር እያሉ ተከራከሩት። ጋሊሌዮ በ1632 ባሳተመው መጽሐፍ በመርከብ ምሳሌ መለሰላቸው። መርከብ ሳይናወጥ በእኩል ፍጥነት እስከ ተጓዘ ድረስ፣ በዝግ ክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው ቢዘል ወይም የሚንጠባጠብ ውሃ ቢመለከት፣ መርከቡ መሄዱን ከመቆሙ ሊለይ አይችልም። በውስጡ ያለው ሁሉ የጉዞው ተካፋይ ነውና። ስለዚህ ፍጥነት ሲነገር፣ ከምን አንጻር ተብሎ መጠየቅ አለበት።

አሁን ወደ ካሚዮኑ እንመለስ። አውቶሞቢሉ ከመንገዱ አንጻር በ90 ቢሮጥም፣ ከካሚዮኑ አንጻር የሚሄደው በ10 ኪሎሜትር ብቻ ነው፤ ይኸውም የዝግታ ሩጫ ያህል ነው። ከቆመ ግድግዳ ጋር በ90 ከሚጋጭ አውቶሞቢል ጋር ሲተያይ፣ በካሚዮኑ ውስጥ ያለው የግጭት ጉልበት 81ኛ እጅ ብቻ ይሆናል። እርግጥ ነው፣ በመንገዱ ላይ በ90 ልክ ይሽከረከሩ የነበሩት ጎማዎች ሳንቃውን ሲነኩ በድንገት ወደ 10 ልክ መውረድ ስላለባቸው፣ ለአፍታ ተንሸራትተው አውቶሞቢሉን ወደ ፊት ይገፉታል። ነገር ግን ከጠቅላላው ክብደት ጋር ሲነጻጸሩ ቀላል ስለ ሆኑ ግፊቱ አነስተኛ ነው። እንዲያውም ችግሩ ከሚፈራው ተቃራኒ ነው፤ በ10 ኪሎሜትር ፍጥነት ብቻ አንድ አውቶሞቢል ወደ ላይ ሊወጣ የሚችለው 40 ሳንቲሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ሾፌሩ ለመውጣት በሞተሩ መታገዝ፣ ከላይ ሲደርስ ደግሞ ነዳጁን ለቆ ፍሬን መያዝ ይኖርበታል።

ጋሊሌዮ ግን ለትምህርቱ ከባድ ዋጋ ከፈለ። በ1633 ሮማ ላይ በቤተ ክርስቲያን ፍርድ ቤት ፊት ቀርቦ ትምህርቱን እንዲክድ ተገደደ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም በቤቱ ውስጥ እንዲታሰር ተፈረደበት። በፍሎሬንስ አጠገብ በአርቼትሪ በግዞት ሳለ ስለ እንቅስቃሴ የጻፈው የመጨረሻ መጽሐፉ በ1638 በሆላንድ አገር በላይደን ከተማ ታተመ። በዚያን ጊዜ ዓይኖቹ ጠፍተው ነበር። በጃንዋሪ 8 ቀን 1642 በ77 ዓመቱ ዐረፈ። በ1992 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በፈራጆቹ ዘንድ ስሕተት እንደ ነበረ በይፋ አመኑ።

ሰውየው በአንድ ቤት ተዘግቶ ሞተ፤ ትምህርቱ ግን መርከብም፣ ባቡርም፣ አውቶሞቢልም በሚሄድበት ሁሉ አብሮ ይጓዛል።