ዶክተር አክሊሉ ለማ፦ ከወንዝ ዳር እስከ ላቦራቶሪ



በዚህ ዕትማችን የአንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪን የሕይወት ታሪክ ይዘን ቀርበናል። ስማቸውን ብዙዎቻችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ካለው በስማቸው ከተሰየመው ኢንስቲትዩት እናውቀዋለን። ሰውየው ምን ሠሩ ተብለን ብንጠየቅ ግን እንዶድ ከሚለው ቃል አልፈን የምንናገረው ጥቂት ነው። የሳይንስና የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ታሪካቸውን ልናውቀው ይገባል። በእጃችን ያለን እውነት ዓለም እንዲቀበለው ምን ያስፈልጋል ለሚለው ጥያቄ ሕይወታቸው መልስ አለውና።

አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1935 ተወለዱ። ለትምህርት ወደ አሜሪካ ሄደው በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን እ.ኤ.አ. በ1964 አገኙ። ወደ አገራቸው ተመልሰውም በዚያን ጊዜው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ማስተማርና መመራመር ጀመሩ። የያዙት ጉዳይ ቢልሃርዝያ ነበር።

ቢልሃርዝያ የሚተላለፈው በውኃ ነው። በበሽተኛው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት የሚወጣው እንቁላል ውኃ ውስጥ ይፈለፈልና ቀንድ አውጣ ውስጥ ይገባል። እዚያ ተባዝቶ እንደገና ወደ ውኃው ይወጣል፤ ከዚያም የሰውን ቆዳ ሰርስሮ ይገባል። ወንዝ ውስጥ የሚዋኝ ልጅ፣ ልብስ የምታጥብ እናት፣ ወንዝ ዳር ዉዱእ የሚያደርግ ሰው ሁሉ ለአደጋው የተጋለጠ ነው። ስለዚህ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት ሰንሰለቱን መሃል ላይ መበጠስ ማለት ነው። ለዚህ የሚሆን መድኃኒት ከውጭ ይመጣ ነበር፤ ዋጋው ግን ለገጠር ሕዝብ የሚቀመስ አልነበረም።

እ.ኤ.አ. በ1964 ዶክተር አክሊሉ ዐድዋ ላይ ቀንድ አውጣዎችን ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ባለው የወንዙ ክፍል የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በዝተዋል። አልፈው አልሄዱም። ከላይኛው የወንዙ ክፍል በሕይወት ያሉ ቀንድ አውጣዎችን ሰብስበው በዕቃ አደረጉና ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶድ አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ። ሙከራው ቀላል ነበር፤ ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ ወሰደ።

እ.ኤ.አ. በ1966 የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቁመው ለ10 ዓመት ያህል መሩት። ምርምሩ የአንድ ሰው ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የተቋም ሥራ ሆነ። ከ1969 ጀምሮ ለ5 ዓመት ዐድዋ ላይ ወንዞቹን በእንዶድ እያከሙ ውጤቱን ለኩ። በከተማው የበሽታው ስርጭት ከ63 በመቶ ወደ 33 በመቶ ወረደ። ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ደግሞ ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ቀነሰ። እነዚህ ቁጥሮች የተገኙት በአንድ ቀን ግኝት አይደለም። ናሙና የሚሰበስቡ፣ በማይክሮስኮፕ እንቁላል የሚቆጥሩ፣ ቀንድ አውጣ የሚያራቡና መዝገብ የሚይዙ ባለሙያዎች ዓመት ከዓመት ባደረጉት ልፋት ነው።

የኬሚስትሪው ክፍልም ትምህርት አለው። በአሜሪካ የሚገኙ ተመራማሪዎች ከእንዶድ የለዩትን ገዳይ ሳፖኒን በአክሊሉ ለማ ስም ለማቶክሲን አሉት። ቆይተው የመጡ ኬሚስቶች ደግሞ በደረቀው ፍሬ ውስጥ ያለው ሳፖኒን እንዲሁ እንዳለ ቀንድ አውጣ እንደማይገድል አሳዩ። ሞለኪውሉ በሁለት ቦታ ስኳር ተያይዞበታል። ፍሬው ተወቅጦ ከውኃ ጋር ሲገናኝ በውስጡ ያለ ኢንዛይም፣ ማለትም ሥራ የሚሠራ ፕሮቲን፣ አንደኛውን የስኳር ሰንሰለት ይቆርጠዋል። ገዳዩ ሳፖኒን የሚገኘው ያኔ ነው። ፍሬውን በቀጥታ በሜታኖል ያጠቡ ላቦራቶሪዎች ኢንዛይሙን ሥራ ስለሚያስፈቱት የማይገድለውን ቅርጽ ያገኛሉ። እናቶቻችን እንዶዱን ወቅጠው በውኃ መዘፍዘፋቸው ትክክለኛው የላቦራቶሪ አሠራር ነበር ማለት ነው። ከእንዶድ ቅጠልም ዶዴካንድሪን የተባለ፣ የሴልን የፕሮቲን ፋብሪካ የሚያቆም ፕሮቲን ተለይቷል። አንድ የአጥር ዳር ተክል ለፕሮቲን ባዮኬሚስትሪ ይህን ያህል ሥራ ይሰጣል።

የዕፅዋት ባለሙያው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የአክሊሉ የረጅም ጊዜ የሥራ ባልደረባ ነበሩ። ከየአካባቢው የተሰበሰቡ የእንዶድ ዓይነቶችን አወዳድረው በምርትም በኃይልም የተሻለውን ቁጥር 44 የተባለውን ለዩ።

ይህ ሁሉ ሆኖ የዓለም አቀፍ ተቋማት ድጋፍ ለረጅም ዓመታት ዘገየ። ምክንያት የተባለው የደኅንነት ምርመራው በተፈቀደ ደረጃ ባለው ላቦራቶሪ አልተሠራም የሚል ነበር። ጥያቄው በከፊል ተገቢ ነው፤ እንዶድ ዓሣንም ይገድላልና ውኃ ውስጥ የሚጨመር ነገር መመርመር አለበት። ነገር ግን ምርመራውን የሚጠይቁት ገንዘቡም ላቦራቶሪውም የነበራቸው ነበሩ። በሽታው ያለው ደግሞ እኛ ዘንድ ነበር። የመርዛማነት ምርመራው ካናዳ ውስጥ ተሠርቶ ሲያልቅ ከዐድዋው ቀን ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎ ነበር።

ዶክተር አክሊሉ በኋላ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ውስጥ ሠሩ፤ እንዶድን ግን አልተዉም። እ.ኤ.አ. በ1989 ከዶክተር ለገሠ ጋር አማራጭ ኖቤል እየተባለ የሚጠራውን የስዊድን ሽልማት ተቀበሉ። በ1990 አሜሪካ ወደሚገኘው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ከዚያ ተመራማሪዎች ጋር እንዶድ የታላላቆቹን ሐይቆች የውኃ ቧንቧ የሚዘጋውን ዛጎል ለበስ እንስሳ እንደሚገድል አሳዩ። የባለቤትነት መብቱ በዩኒቨርሲቲው ስም ተመዘገበ፤ አክሊሉም ከፈልሳፊዎቹ አንዱ ሆነው ተጻፉ። ዕውቀቱን ለዘመናት ጠብቀው ያቆዩት የወንዝ ዳር ሴቶች ግን በሰነዱ ላይ የሉም። ክርክሩ ዛሬም ይነሳል። ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1997 አሜሪካ ውስጥ አረፉ።

ውድ እህቶችና ወንድሞች! ቦሌና የካ የምንኖር ተማሪዎች ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ በታክሲ ስንሄድ ጉርድ ሾላ አካባቢ የዓለም አቀፉን የእንስሳት ምርምር ተቋም ግቢ እናልፋለን። ከአጥሩ ጀርባ ስማቸው የማይነሳ ቋሚ ተመራማሪዎች በየቀኑ ይመዝናሉ፣ ይለካሉ፣ ይጽፋሉ። ብዙዎቻችን ስንመረቅ ይህን ሥራ ዝናም ገንዘብም የለውም ብለን እንሸሸዋለን። የእንዶድ ታሪክ የሚነግረን ግን ሌላ ነው። ማስተዋሉ በአንድ ቀን ተገኘ፤ የጎደለው በራሳችን እጅ ያለ፣ ውጤቱ የማይጠየቅ ላቦራቶሪና በውስጡ በትዕግሥት የሚቀመጥ ሰው ነበር። የሚጠቅም ዒልም አማና ነው፤ በትክክል መለካትም፣ ከማን እንደተማርነው መናገርም የአማናው አካል ናቸው። በዚህ ዓመት የመመረቂያ ጽሑፍ የምትጀምሩ ሁሉ እናቶቻችሁ በእጃቸው ከሚሠሩት አንዱን ጠይቃችሁ ወደ ላቦራቶሪ ይዛችሁት ግቡ፤ ስማቸውንም ጻፉ። አላህ የሚጠቅም ዕውቀት ይስጠን።