ሄርማን ፎቲንገር፤ ኃይልን በፈሳሽ ያስተላለፉ መሐንዲስ

ከመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ በሚወስደው መንገድ፣ ኦሎምፒያ አካባቢ በሰልፍ ቆም ሄድ እያሉ ከሚጓዙት አውቶሞቢሎች መካከል ብዙዎቹ አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው ናቸው። ሹፌሩ ፍሬን ረግጦ ሲቆም ሞተሩ የማይጠፋው፣ ፍሬኑን ሲለቅም መኪናው የፍሪሲዮን ፔዳል ሳያስፈልገው ቀስ ብሎ የሚነሣው፣ በሞተሩና በማርሾቹ መካከል ኃይልን በዘይት አማካይነት የሚያስተላልፍ ዕቃ በመኖሩ ነው። መካኒኮቻችን ቶርክ ኮንቨርተር የሚሉት ይህ ዕቃ መጀመሪያ የታሰበው ለመኪና ሳይሆን ለመርከብ ነበር። ያሰቡትም ጀርመናዊው መሐንዲስ ሄርማን ፎቲንገር ናቸው። የእኚህ ሊቅ የሕይወት ታሪክ፣ አንድ የኃይል ማስተላለፊያ መታደስ ወይም መለወጥ የሚገባው መቼ እንደሆነ ለመፍረድ ለሚገደድ ባለሙያ ሁሉ ትምህርት የሚሰጥ ነው።

ፎቲንገር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የካቲት 9 ቀን 1877 ዓ.ም. በኑረምበርግ ከተማ ተወለዱ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) በሙኒክ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት የኤሌክትሪክ ምሕንድስና ካጠኑ በኋላ፣ በ1899 ዛሬ የፖላንድ ግዛት በሆነችው በሽቴቲን ከተማ በሚገኘው የቩልካን የመርከብ ፋብሪካ ተቀጠሩ። ዘመኑ የእንፋሎት ተርባይን በመርከብ ላይ የፒስተኑን ሞተር ቦታ መውሰድ የጀመረበት ነበር።

በዚያ ፋብሪካ በመጀመሪያ የገጠማቸው ችግር የመለኪያ ችግር ነበር። የፒስተን ሞተር ኃይል በሲሊንደሩ ውስጥ ካለው ግፊት ተነሥቶ ይሰላ ነበር፤ ተርባይን ግን ሲሊንደር ስለሌለው ምን ያህል ኃይል ለኤሊካው እንደሚያደርስ በዚህ መንገድ ማወቅ አይቻልም። ፎቲንገር ኃይል የሚሸከም የብረት ዘንግ በሚዞርበት ጊዜ በጥቂቱ እንደሚጠመዘዝ በመገንዘብ፣ ይህንኑ እጅግ አነስተኛ መጠምዘዝ የሚለካ መሣሪያ ሠሩ። ከጥምዘዛው መጠንና ከዘንጉ የዙር ፍጥነት ኃይሉ ይሰላል። እንግዲህ ወጣቱ መሐንዲስ አዲስ ማስተላለፊያ ከመፍጠራቸው በፊት፣ በማስተላለፊያ ውስጥ የሚያልፈውን ኃይል መለካትን አስቀድመዋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ችግር ከዚህ የከበደ ነበር። ተርባይን በደንብ የሚሠራው እጅግ ፈጥኖ ሲዞር ነው፤ ኤሊካ ግን ውኃውን በአግባቡ የሚገፋው ቀስ ብሎ ሲዞር ነው። ሁለቱ በአንድ ዘንግ ላይ ሲታሰሩ ሁለቱም ይጎዳሉ። በዚያን ጊዜ ለእንዲህ ያለ ታላቅ ኃይል አስተማማኝ የሆነ ጥርሳም ማርሽ ገና አልተሠራም ነበር። ፎቲንገር መፍትሔውን በፈሳሽ ውስጥ ፈለጉ። ተርባይኑ ፓምፕ ቢያዞር፣ ፓምፑም ውኃ እየገፋ ሌላ ዝግተኛ የውኃ ተርባይን ቢያዞር፣ ፍጥነቱ ቀንሶ የመጠምዘዝ ጉልበቱ ይጨምራል። ነገር ግን ውኃው በረጅም ቱቦ ሲመላለስ ብዙ ኃይል ይባክናል። የፎቲንገር ትልቁ ሐሳብ ቱቦውን ጨርሶ ማስወገድ ነበር። የፓምፑን ተሽከርካሪ፣ የተርባይኑን ተሽከርካሪና የፈሳሹን አቅጣጫ የሚመልሰውን መሪ ጎማ በአንድ ቤት ውስጥ ፊት ለፊት አደረጓቸው። የፈጠራ መብቱንም በ1905 አስመዘገቡ። ጉልበትን የሚያባዛው መሪው ጎማ ነው፤ እርሱ ሲወጣ መሣሪያው ጉልበት ሳያባዛ ኃይልን በለስላሳው የሚያሻግር መጋጠሚያ ብቻ ይሆናል።

በ1909 ፎቲንገር በዳንዚግ የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ፕሮፌሰር ሆኑ። ፈጠራቸው በ1913 በተሠራችው ኮኒጊን ሉዊዘ በተባለች የመንገደኞች መርከብ ላይ ተገጠመ። በዚሁ ዓመት ወደ ውኃ የወረደችው ቲርፒትዝ የተባለች ታላቅ መርከብም በዚሁ ዓይነት ማስተላለፊያ እንድትሠራ ታቅዳ ነበር። ይሁን እንጂ በዚያው ሰሞን እንግሊዛዊው ቻርልስ ፓርሰንስ ለተርባይን የሚስማማ ጥርሳም ማርሽ አስገኝተው ነበር። የፎቲንገር ማስተላለፊያ ከተቀበለው ኃይል ከመቶ 90 ገደማውን ሲያደርስ፣ ጥርሳሙ ማርሽ ከመቶ 98 ገደማ ያደርሳል። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል፤ ለረጅም ጉዞ በሚነድ ነዳጅ ሲሰላ ግን ብዙ ነው።

ቲርፒትዝ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ለእንግሊዞች ተሰጠች። ከዚያም የካናዳ ፓስፊክ ኩባንያ ገዝቷት ኤምፕረስ ኦቭ አውስትራሊያ ተባለች። መስከረም 1 ቀን 1923 በጃፓን የዮኮሐማ ወደብ ቆማ ሳለ ታላቁ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ከተማይቱ ስትቃጠል መርከቧ በሺሕ የሚቆጠሩ ሰዎችን በማዳን በታሪክ ስሟ ተመዘገበ። ሆኖም ክብሯ ድክመቷን አልሸፈነውም፤ ነዳጅ አብዝታ ትበላ ነበር፣ የሚጠበቅባትንም ፍጥነት አታገኝም ነበር። በ1926 እና በ1927 በስኮትላንድ የፎቲንገር ማስተላለፊያዋ ወጥቶ በጥርሳም ማርሽ የሚሠሩ የፓርሰንስ ተርባይኖች ገቡላት። ፍጥነቷ ጨመረ፣ የነዳጅ ፍጆታዋ ቀነሰ። ከዚያም እስከ 1952 ድረስ ኖረች።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። ማስተላለፊያው የተለወጠው ተሰብሮ መንቀሳቀስ ስላቃተው አልነበረም። የፍጥነትና የነዳጅ ቁጥሮች ተመዝነው፣ ከጥገና ይልቅ ለውጥ እንደሚያዋጣ ስለታወቀ ነው።

ፎቲንገር በ1924 ወደ በርሊን የቴክኒክ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ተዛውረው ሲያስተምሩና ሲመራመሩ ቆዩ። በርሊን ልትወድቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1945 በከተማይቱ ውስጥ በፈነዳ ጥይት ፍንጣሪ ሞቱ። ከሦስት ዓመት በኋላ የአሜሪካው ቢዊክ ኩባንያ ቶርክ ኮንቨርተር ያለው አውቶማቲክ ካምቢዮ ለቤት አውቶሞቢል በብዛት አቀረበ። ከባሕር የተባረረው ፈጠራ በየብስ ላይ ነገሠ። ለመርከብ ጉድለት የነበረው የኃይል ብክነት፣ ደጋግሞ ለሚቆምና ለሚነሣ መኪና ለለስላሳነቱ የሚከፈል ተመጣጣኝ ዋጋ ሆነ።

የባከነው ኃይል ግን ሙቀት ሆኖ ዘይቱ ውስጥ ይቀራል። በኦሎምፒያ ሰልፍ ውስጥ የሚንፏቀቅ መኪና ካምቢዮ የሚያረጀው በተለይ በዚህ ነው። ጤናማ ዘይት እንደ ዓይነቱ አብዛኛውን ጊዜ ቀላና ጥርት ያለ ነው፤ ከጠቆረና የተቃጠለ ነገር ከሸተተ ፍሪሲዮኖቹ እየተበሉ መሆናቸውን ያመለክታል። የዘይት መያዣው ሲወርድ በማግኔቱ ላይ የሚታይ ደቃቅ ዱቄት የተለመደ ነው፤ የብረት ስባሪ ግን የጥፋት ምስክር ነው። የሞተሩ ዙር እየጨመረ መኪናው ካልፈጠነ፣ ወይም ማርሽ ከገባ በኋላ ለመነሣት ከዘገየ፣ መንሸራተት አለ። መንሸራተቱ በአንድ ማርሽ ብቻ ከሆነ የዚያ ማርሽ ፍሪሲዮን ይመረመራል። የዘይቱ መጠን ተስተካክሎ፣ የኤሌክትሪክ ጉድለት አለመኖሩ ተረጋግጦ፣ በሁሉም ማርሽ የሚንሸራተትና ዘይቱ ስባሪ የያዘ ካምቢዮ ግን ፈርሶ መታደስ ወይም መለወጥ አለበት።

አምራቹ ሲፈቅድ ሌላ ፈተናም ይደረጋል። ፍሬን እስከ መጨረሻው ተረግጦ፣ ማርሽ ገብቶ፣ ነዳጅ በሙሉ ተሰጥቶ የሞተሩ ዙር ይነበባል። ኃይሉ ሁሉ ዘይቱን ስለሚያሞቅ ፈተናው ከ5 ሴኮንድ መብለጥ የለበትም። ዙሩ ከተጻፈው ከበለጠ በካምቢዮው ውስጥ መንሸራተት አለ፤ ካነሰ ሞተሩ ደክሟል ወይም የቶርክ ኮንቨርተሩ መሪ ጎማ መቆለፊያ ተበላሽቷል ይባላል። ነገር ግን በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል ይልቅ በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው፤ ያለ ተርቦ የሚሠራ ሞተር ጤነኛም ቢሆን ከመጽሐፉ ያነሰ ዙር ያሳያል። ይህን ያልቆጠረ ባለሙያ ደኅናውን ቶርክ ኮንቨርተር ያስጥላል።

በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ያሉትን በሕይወት ማቆየት የብዙ ቤተሰብ ጉዳይ ሆኗል። ካምቢዮ መለወጥ ለአንድ ደመወዝተኛ የወራት ገቢ ሊወስድ ይችላል፤ ሊለወጥ የሚገባውን አለመለወጥም በመንገድ መሐል ያስቀራል። በሁለቱ መካከል የሚፈርደው የባለሙያው ልኬት ነው። ፎቲንገር የዘንጉን ጥምዘዛ ሳይለኩ ስለ ተርባይኑ አልተናገሩም፤ በኋላም ፈጠራቸው ራሱ በቁጥር ተመዝኖ ከመርከብ ወረደ። ሙያችን የሚከበረው በዚሁ ሥርዓት ነው።