ዓይነ ስውሩ የአረፋ መርማሪ

ከማንቆርቆሪያ የሚወርድ ውኃ ከላይ እንደ ዘንግ ለስልሶ ይነሣና ጥቂት ወርዶ ተቈራርጦ ጠብታ ይሆናል። ሁላችንም እጃችንን ስንታጠብ አይተን አልፈነዋል። ይህን ነገር በልክና በሕግ ያሰረው ሰው ግን ሥራውን ሲያካሂድ ዓይኑ ጨርሶ አያይም ነበር።

ጆዜፍ ፕላቶ (ከግሪኩ ፈላስፋ ጋር ከስም መመሳሰል በቀር ዝምድና የለውም) እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1801 ዓ.ም. በቤልጅግ ከተማ በብራስልስ ተወለደ። አባቱ አበባ የሚሥል ሠዓሊ ነበር። ልጁ ገና ሳይጎለምስ እናትና አባቱ ሞቱበት። በሊዬዥ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ጀምሮ ወደ ሳይንስ ዞረና በ1829 ዓ.ም. ዶክተር ተባለ። በ1832 ዓ.ም. ክብ ሰሌዳ ላይ የተሣሉ ሥዕሎችን አሽከርክሮ የሚንቀሳቀሱ የሚያስመስል መሣሪያ ሠራ፤ ሲኒማ የሚያዘወትሩ ጓደኞቻችን ውለታው አለባቸው። በ1835 ዓ.ም. በጌንት ዩኒቨርሲቲ አስተማሪ ሆነ።

ዶክተር በሆነበት ዓመት ብርሃን በዓይን ላይ የሚተወውን ምልክት ለመመርመር ሲል 25 ሰከንድ ያህል ፀሐይን ትክ ብሎ ተመለከተ። በ1843 ዓ.ም. ገደማ ፈጽሞ ሲታወር ምክንያቱ ያ ቀን ነው ብሎ አመነ፤ ብዙ መጻሕፍትም ይህንኑ ይደግማሉ። በኋላ ዘመን ጉዳዩን የመረመሩ ሐኪሞች ግን ጥፋቱን ከፀሐይ ይልቅ ለረጅም ጊዜ በቈየ የዓይን ውስጥ ብግነት ላይ ያደርጉታል። ለሳይንስ ዓይኑን ሠዋ የሚለው ተረት ያማረ ቢሆንም የፕላቶ ትልቅነት እዚያ ላይ አይደለም።

ትልቅነቱ ከታወረ በኋላ ባደረገው ነው። ሙከራውን እርሱ በሐሳቡ ያቅዳል፤ ልጁ፥ አማቹና ሌሎች ረዳቶች በእጃቸው ይሠራሉ፤ ያዩትን ይነግሩታል፤ እርሱም አመዛዝኖ ያስጽፋል። የወይራ ዘይትን ክብደቱ እኩል በሆነ የውኃና የአልኮል ድብልቅ ውስጥ ሲያኖሩት ዘይቱ ክብደት እንደሌለው ሆኖ ድቡልቡል ይሆናል። በሁለት ክብ ሰሌዳዎች መካከል ወጥረው እንደ ዘንግ ሲያስረዝሙት ደግሞ ርዝመቱ ከዙሪያው፥ ማለት ከዲያሜትሩ 3.14 እጥፍ፥ እስኪያልፍ ድረስ ይቆማል። ከዚያ በላይ ሲረዝም አንድ ወገኑ ይቀጥናል፥ ሌላው ያብጣል፥ በመጨረሻም ይበጠሳል። ምክንያቱም ፈሳሽ ሁልጊዜ ገጹን ማሳነስ ይሻል፤ የቀጠነው ስፍራ ግፊቱ ስለሚበልጥ ፈሳሹን ወደ አበጠው ይገፋዋል።

የሽቦ ቅርጾችን በሳሙናና በግሊሰሪን ውኃ እየነከሩ ያወጧቸው ስስ ሽፋኖችም ሕግ አላቸው፤ በአንድ መስመር የሚገናኙት ሦስት ብቻ ናቸው፥ በመካከላቸውም 120 ዲግሪ አለ። እንዲህ ያለ ሽፋን ሲበሳ ምን ይሆናል? ከሽፋኑ ውፍረት እጅግ ያነሰች ቀዳዳ ራስዋን ትዘጋለች። ሰፋ ያለችው ግን እየተከፈተች ትሄዳለች፤ ውፍረቱ የሚሊሜትር 1 ሺኛ በሆነ የሳሙና ሽፋን ላይ ፍጥነትዋ በሰከንድ 8 ሜትር ያህል ነው። እየሸሸ የሚሄደው ጠርዝ በመንገዱ ያገኘውን ፈሳሽ ጠቅልሎ ወፍራም ገመድ ይሆናል። ገመዱም ያው የፕላቶ ዘንግ ስለሆነ ያብጣል፥ ይቀጥናል፥ ጠብታ ሆኖ ይበተናል።

ፕላቶ ይህን ሁሉ ምርምር በሁለት ክፍል መጽሐፍ በ1873 ዓ.ም. አሳተመ። እንግሊዛዊው ሎርድ ሬይሊ ዘንጉ የትኛውን ርቀት መርጦ እንደሚቈራረጥ በሒሳብ አስልቶ 4.5 ዲያሜትር ያህል ሲያገኝ ፕላቶ ገና በሕይወት ነበረ። በ1883 ዓ.ም. በጌንት ሞተ። ስለ ሳሙና ሽፋኖች መገናኛ ያወጣው ሕግ ጥብቅ የሒሳብ ማረጋገጫ ያገኘው ግን በ1976 ዓ.ም. በአሜሪካዊቷ ጂን ቴይለር እጅ ነው።