የምድር ባቡሩ መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ

በጎግም ሆነ በመላው ጋምቤላ የባቡር ሐዲድ ተዘርግቶ አያውቅም። ሆኖም የኢትዮጵያ ምድር ባቡር ታሪክ እኛንም ይነካናል። እንዴት እንደሆነ በኋላ እንደርስበታለን፤ አስቀድመን ሥራውን ስላስጀመሩት ሰው እንጻፍ።

አልፍሬድ ኢልግ በ1846 ዓ.ም. በስዊስ አገር ፍራውንፌልድ በምትባል ከተማ ተወለዱ። ዙሪክ ምሕንድስና ተምረው በ1871 ዓ.ም. አንኮበር ገቡ። ዕድሜያቸው 25 ዓመት ያህል ቢሆን ነው፤ ከእኛ ብዙም አይበልጡም ነበር። ንጉሥ ምኒልክ መጀመሪያ ጫማ፣ ቀጥሎም ጠመንጃ እንዲሠሩ አዘው ፈትነዋቸዋል ይባላል። በኋላ ድልድይ ሠሩ፤ ወደ አዲስ አበባ ቤተ መንግሥትም ውኃ በቧንቧ አስገቡ። ውኃ ሽቅብ መውጣቱ ለብዙዎች የማይታመን ነገር ነበር።

የልባቸው ሐሳብ ግን ሐዲድ ነበር። ያን ጊዜ ዕቃ ከባሕር ወደ ሸዋ የሚመጣው በግመልና በበቅሎ፣ ሳምንታት ፈጅቶ ነው። በመጋቢት 1886 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የባቡሩን ፈቃድ ለ99 ዓመት ሰጧቸው። ኢልግም ከፈረንሳዊው ሊዮን ሸፍኔ ጋር ኩባንያ አቋቋሙ፤ ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጂቡቲ ተጀመረ። በረሃው ውኃ የለውም። ኢሳዎችም በግጦሽ መሬታቸው የሚያልፈውን ሥራ ተቃወሙ፤ ደምም ፈሰሰ።

ሐዲዱ ሐረር እንዲገባ ታስቦ ነበር። ተራራውን መውጣት ወጪው ስለ ከበደ ግን ከሥሩ ሜዳው ላይ ቀረ። ባቡሩ በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. የደረሰበት ያ ሜዳ ድሬዳዋ ሆነ። የጥንቷ ሐረር ንግዷ እያየች ቁልቁል ወረደባት።

ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚያሳስበን የገንዘቡ ነገር ነው። ኩባንያው ገንዘብ ሲያጥረው የእንግሊዝ ባለ ሀብቶች ገቡበት። ይህን ያየው የፈረንሳይ መንግሥት በ1894 ዓ.ም. ምኒልክን ሳያማክር ከኩባንያው ጋር ተዋዋለ፤ በየዓመቱ 500,000 ፍራንክ ሊረዳ፣ በምትኩም ሊቆጣጠር። ንጉሠ ነገሥቱ በአገራቸው መሬት የሌላ መንግሥት እጅ ሲገባ አይተው ተቆጡ። ከድሬዳዋ ወዲህ ሥራው ለዓመታት ቆመ፤ ኩባንያውም ከሰረ። ኢልግ በአንድ ወገን የንጉሠ ነገሥቱ የውጭ ጉዳይ አማካሪ፣ በሌላ ወገን የኩባንያው መሥራች ነበሩ። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ለቆመ ሰው ሁለቱንም በእኩል ማገልገል የሚቻል አይመስለንም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ኢልግ አማካሪ ሳሉ፣ በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ውል ውስጥ ሁለት ነገር ተጽፎ ነበር። አንዱ በባሮ ወንዝ ዳር የንግድ ጣቢያ ነው፤ የጋምቤላ ከተማ የተነሣችው ከዚህ ነው፤ በክረምት ወራት ከካርቱም መርከብ ይመጣባት ነበር። ሁለተኛው ሱዳንን ከኡጋንዳ ጋር የሚያገናኝ ሐዲድ በኢትዮጵያ መሬት እንዲያልፍ የሚፈቅድ ነው። መርከቡ መጣ፤ ሐዲዱ ግን ከወረቀት አልወጣም።

ኢልግ በ1899 ዓ.ም. ሥራቸውን ለቀው አገራቸው ቀሩ። ሌላ ኩባንያ ሥራውን ቀጥሎ፣ 784 ኪሎ ሜትር የሆነው ሐዲድ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። መሐንዲሱ ግን ታኅሣሥ 28 ቀን 1908 ዓ.ም.፣ በእኛ የገና ዕለት፣ ዙሪክ ላይ ዐርፈው ነበር።