ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ

በዚህ የመቶ ዓመት መታሰቢያ ያለፉትን አባቶች ስናስብ፥ የሰውን ስም ከመረሳት ለማዳን በብዙ የደከሙትን የቤተ ክርስቲያን ልጅ፥ ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴን ልናነሣ ይገባናል።

ብላቴን ጌታ ኅሩይ በ1870 ዓ. ም. በሸዋ፥ በመርሐ ቤቴ ተወለዱ። የመጀመሪያ ስማቸው ገብረ መስቀል ነበረ። ኋላም ወደ እንጦጦ መጥተው በራጉኤል ደብር ተማሩ። በ1903 ዓ. ም. የእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ 5ኛ ዘውድ ሲጭን ከደጃዝማች ካሣ ኃይሉ ጋር ወደ ሎንዶን ተላኩ፤ በ1911 ዓ. ም. ደግሞ በደጃዝማች ናደው መሪነት ወደ አውሮፓና ወደ አሜሪካ ከሄዱት መልእክተኞች አንዱ ሆኑ።

በቀደመው ዘመን የነገሥታት ሥራ በብራና ይጻፍ፥ መልካቸውም በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ይሣል ነበር፤ ያንንም የሚያየው በስፍራው የተገኘ ብቻ ነው። የማተሚያ መኪና ከገባ በኋላ ግን የመኳንንቱ ዝና በወረቀት ላይ ሆኖ ከአገር ወደ አገር ይዞር ጀመር። በ1917 ዓ. ም. ብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ሲቋቋም ይህ ነገር ይበልጥ ሰፋ።

ብላቴን ጌታም ብዕራቸውን ለዚሁ ሥራ አዋሉት። በ1915 ዓ. ም. ልዕልት ወይዘሮ መነን ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ወደ ቅድስት አገርና ወደ ምስር ያደረጉትን መንገድ ጻፉ። በ1916 ዓ. ም. አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ወደ አውሮፓ ሲሄዱ አብረው ተጓዙ፤ የጉዞውንም ታሪክ ደስታና ክብር ብለው ሰየሙት። አልጋ ወራሹ አርባ የአርመን ድኾች ልጆችን ከኢየሩሳሌም ያስመጡትና የዐፄ ቴዎድሮስን አንድ ዘውድ ከእንግሊዝ መንግሥት የተቀበሉት በዚያ ጉዞ ነው።

እርግጥ ነው፥ ጸሐፊው የቤተ መንግሥት ባለሟል ስለ ነበሩ ብዕራቸው ከነቀፋ ይልቅ ወደ ምስጋና ያዘነብላል። አስተዋይ አንባቢ ይህን መመዘን አለበት። ነገር ግን በ1915 ዓ. ም. ያሳተሙት የሕይወት ታሪክ የተባለው መጽሐፍ ስሞችን በፊደል ተራ እንጂ በማዕርግ ተራ አላኖረም። ስለዚህ ድርሳን የሚተረጕመው መምህር ሠራዊት ከሚያዝዘው መኰንን ጋር በአንድ መጽሐፍ ተገናኘ። ሊቃውንቱ በሥጋ ሳሉ ያላገኙትን ክብር በዚህ አገኙ።

ከዘውዱ በዓል በኋላ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው፥ በ1924 ዓ. ም. ወደ ጃፓን ተልከው በክብር ተቀበሏቸው። በዚያ ዘመን የኢትዮጵያ መሪዎች ሥዕል በባዕድ ጋዜጦች ይታይ ነበር። ታይም የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በታኅሣሥ 1928 ዓ. ም. ንጉሠ ነገሥቱን የዓመቱ ሰው ብሎ በፊት ገጹ አወጣቸው። ዳሩ ግን ዓለም መልካቸውን አወቀ እንጂ አገራቸውን አልረዳም፤ አራት ወር ሳይሞላ ወደ ስደት ወጡ።

ብላቴን ጌታም አብረው ተሰደዱ። የደከሙበት የኢትዮጵያ ታሪክ በማተሚያ ቤት ሳለ ጠላት ስለ ገባ ለአንባቢ ሳይደርስ ቀረ። እርሳቸውም በመስከረም 1931 ዓ. ም. በእንግሊዝ አገር በባዝ ከተማ ዐረፉ፤ ነጻነትን በዓይናቸው አላዩም። ዐፅማቸው ግን ኋላ ወደ አገሩ ተመልሶ በአዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ።

የጋዜጣ ሥዕል በየቀኑ ይለወጣል፤ በትጋት የተጻፈ ስም ግን ለልጅ ልጅ ይቆያል። በየገዳሙ ያላችሁ አባቶች፥ መምህራኖቻችሁን ሳትጽፉ አትለፉ። ነፍሳቸውን በአብርሃም፥ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያኑርልን፤ አሜን።