ኢንሱሊንን ያገኙት ዶክተር ፍሬዴሪክ ባንቲንግ

አንድ የቢቸና ወይም የሞጣ ተማሪ ጧት እንጀራ በልቶ ወደ ትምህርት ቤት ሲመጣ፥ የበላው ጤፍ በአንጀቱ ተፈጭቶ ግሉኮስ የሚባል ስኳር በመሆን ወደ ደሙ ይገባል። ነገር ግን ስኳሩ በደም ውስጥ መገኘቱ ብቻውን ለጡንቻ ጉልበት አይሆንም፤ የሴሉን በር አልፎ መግባት አለበት። ይህን በር የሚያስከፍተውን ኢንሱሊንን ለሕክምና ካበቁት ሰዎች ዋነኛው ካናዳዊው ዶክተር ፍሬዴሪክ ባንቲንግ ናቸው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

ባንቲንግ ኖቬምበር 14 ቀን 1891 ዓ.ም. በኦንታሪዮ ጠቅላይ ግዛት በአሊስተን አጠገብ ከገበሬ ቤተ ሰብ ተወለዱ፤ እንደ ብዙዎቻችንም በእርሻ መካከል አደጉ። ሕክምና ተምረው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያገለግሉ በ1918 ክንዳቸውን ቆሰሉ፥ ስለ ጀግንነታቸውም ሜዳይ ተሸለሙ። ከጦርነቱ በኋላ ለንደን በምትባል የካናዳ ከተማ የሕክምና ቤት ቢከፍቱ በሽተኛ አጡ።

በዚያ ዘመን የስኳር በሽታ የያዘው ልጅ ሞት እንደ ተፈረደበት ይቆጠር ነበር። ደሙ በስኳር ተሞልቶ ሳለ ሴሎቹ ይራባሉ፤ ስኳሩም በሽንት ስለሚወጣ ልጁ ውሃ እየጠማው ይከሳል። ሐኪሞች ዕድሜውን በጥቂቱ ለማራዘም ምግብ ይከለክሉት ነበር። ለእናትና ለአባት ከዚህ የባሰ ምን መከራ አለ?

በ1920 ኦክቶበር መጨረሻ ባንቲንግ ሌሊት ስለ ቆሽት የተጻፈ ጽሑፍ ሲያነቡ አንድ ሐሳብ መጣላቸው። ወደ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሄደው ለፕሮፌሰር ማክላውድ ቢነግሩ፥ ፕሮፌሰሩ መጀመሪያ ቢጠራጠሩም የሥራ ክፍል፥ ውሾችና ቻርልስ ቤስት የተባለ ወጣት ረዳት ሰጡአቸው። በ1921 ቆሽታቸው የወጣ ውሾች ከሌላ ቆሽት በተቀዳ ፈሳሽ ሲወጉ የደማቸው ስኳር ቀነሰ። ጃንዋሪ 11 ቀን 1922 ሌኦናርድ ቶምሰን የተባለ የ14 ዓመት ልጅ ተወጋ፤ መድኃኒቱ ንጹሕ ስላልነበረ ግን ብዙም አልረዳውም። ኮሊፕ የተባሉት የኬሚስትሪ ሊቅ ካጣሩት በኋላ ጃንዋሪ 23 ቀን እንደገና ሲወጋ ስኳሩ ወረደ። ኢንሱሊን በሽታውን ነቅሎ የሚያጠፋ አይደለምና፥ ልጁ መርፌውን ሳያቋርጥ ከዚያ ወዲያ 13 ዓመት ኖረ።

በጡንቻና በስብ ሴሎች ውስጥ ግሉኮስን የሚያስገቡ የፕሮቲን በሮች ተሸሽገው ይቀመጣሉ። ኢንሱሊን ሴሉን ከውጭ ሲነካው በሮቹ ወደ ገጹ ይወጣሉ። የገባው ግሉኮስ ደረጃ በደረጃ ተሰባብሮ፥ ሚቶኮንድሪያ በሚባሉት የሴሉ ምድጃዎች በኦክሲጅን ይቃጠልና ኤቲፒ የተባለውን የጉልበት ስንቅ ይሰጣል። አንጎል ግን ኢንሱሊን ሳይጠብቅ ግሉኮስ ይወስዳል። የበሮቹ ነገር የታወቀው ባንቲንግ ከሞቱ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

በ1923 የኖቤል ሽልማት ለባንቲንግና ለማክላውድ ሲሰጥ፥ ባንቲንግ ቤስት በመዘለሉ ተቆጥተው ገንዘባቸውን ከእርሱ ጋር ተካፈሉ፤ ማክላውድም ለኮሊፕ እንዲሁ አደረጉ። የመድኃኒቱን ባለቤትነት ባንቲንግ፥ ቤስትና ኮሊፕ ለዩኒቨርሲቲው የሸጡት እያንዳንዳቸው በ1 ዶላር ነበር፤ ቢፈልጉ ኖሮ እጅግ ባለጠጎች በሆኑ ነበር። ባንቲንግ በ1941 ፌብሩዋሪ ወር በኒውፋውንድላንድ አውሮፕላናቸው ወድቆ በ49 ዓመታቸው ዐረፉ። የልደታቸው ቀን ኖቬምበር 14 የዓለም የስኳር በሽታ ቀን ሆኖ በየዓመቱ ይታሰባል።